ከፋይ አይጠመዘዝም

የበደለችኝ አስናቀች ናት፤ ጊዜው ደግሞ ባሌ ቶለሳ የታመመበት ክረምት፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ዓመተ ምሕረቱን የሚፈልግ ራሱ ይቁጠር፤ እኔ ክረምቱን እንጂ ቁጥሩን አልያዝኩም። መቱ ላይ ሞባይል የያዘ ሰው በጣት የሚቆጠርበት፣ ባጃጅ ገና ያልገባበት፣ ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ሁሉም ጃንጥላውን ይዞ በእግሩ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ስሟን ያለ "እትዬ" ስጠራ የሚከፋው ሰው ይኖራል። በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። ስሜን የሚያውቅ ሁሉ የሺ ባለጌ ናት ብሎኛልና ዛሬ አንድ ሰው ቢጨመር አይከብደኝም። እትዬ ማለቱን የተውኩበት ቀን አለ፤ እደርስበታለሁ።

ይህን ሁሉ የቀሰቀሰብኝ ሽታ ነው። በግቢዬ አንዱን ክፍል የተከራየችው ወጣት አስተማሪ ባለፈው ሳምንት ያን ወፍራሙን፣ አበባ የተሣለበትን ለስላሳ ብርድ ልብስ በሳፋ ነክራ፣ በእግሯ ረግጣ አጠበችው። ከዚያ ከባሏ ጋር ግራና ቀኝ ይዘው፣ እየተሳሳቁ፣ እንደ ገመድ ጠምዝዘው ሽቦ ላይ ሰቀሉት። በሐምሌ። መቱ ላይ። ዝናቡ ቀን በቀን እየመጣባቸው ሲያወርዱ ሲሰቅሉ ሰንብተው በሦስተኛው ቀን ሽታው በመስኮቴ ገባ። ጠጉር ያለው ጨርቅ በርጥበት ሲሻግት ሽታው የሻገተ እንጀራም፣ የረጠበ ጫማም አይደለም፤ ሁለቱንም ይመስላል። ወጥቼ፣ የኔ ልጅ እንዲህ ያለ ጨርቅ አይጠመዘዝም፣ ጠጉሩ ይሰበራል፣ ውሃው በራሱ ጊዜ ይውጣ አልኳት። "እማማ፣ እሱ በራሱ ጊዜ እስኪወጣ እኛ ምን እንልበስ?" አለችኝ። ደግ ልጅ ናት፤ ለመቀለድ ነው። እኔ ግን ገብቼ ተቀመጥኩ። እስኪመሽ አልተነሣሁም።

ቶለሳ ልብስ ሰፊ ነበር። ወደ ገበያ በሚወርደው መንገድ፣ በሐጂ ሱሩር ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ በረንዳ ላይ የእግር መኪናውን አቁሞ ይሰፋል። ጨርቅ የገዛ ሰው ከሱቁ ደጃፍ ሳይርቅ ይለካል፤ ሐጂም ቶለሳም ይጠቀማሉ። ከፊት ለፊት ካሴት ቤት ነበር። ጠዋት አማርኛ፣ ከሰዓት በኋላ ኦሮምኛ ያዘፍናል። ቶለሳ መኪናውን የሚረግጠው በዘፈኑ ልክ ነው። ዘፈኑ ሲሮጥ ስፌቱ ይሰፋል፣ ትዝታ ሲሆን ስፌቱ ይጠባል፤ "በትዝታ የተሰፋ ሱሪ ከባለቤቱ ይበልጥ ይቆያል" ይል ነበር። የገና ሰሞን ልጃገረዱ ሁሉ ከፋይ ቀሚስ ይፈልጋል። ጠቆር ያለ ቀይ፣ የጠርሙስ አረንጓዴ፣ አንገቱ ላይ ነጭ ዳንቴል። ሜትሩ ሠላሳ ምናምን ብር ሲሆን ሰው ተወደደ ብሎ ያማርር ነበር፤ ያኔ በሠላሳ ብር ከሁሩሙ ገበያ አንድ ቅል ማር ተሸክሞ ይገባል። ከቡሬ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ ጭምር ሰው ልብስ ሊያሰፋ ይመጣ ነበር፤ ቡናው በጥሩ ዋጋ በሄደበት ዓመት ተራ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል። ዛሬ በረንዳው የስልክ መጠገኛ ሆኗል። ከፋዩም አሁን ከየት እንደሚመጣ አላውቅም፤ ብርሃን አለው፣ ክብደት የለውም።

የሰፈራችን እድር ለሬሳ ሳጥን መሸፈኛ ከፋይ እንዲኖረው ሐሳቡን ያመጡት ወንዶቹ ናቸው። ከዚያ በፊት ሳጥኑን የምንሸፍነው በተገኘው ጋቢ ነበር፤ ደህና ጋቢ ያለው ያምራል፣ የሌለው ያፍራል። ሐጂ ሱሩር ጨርቁን ያለ ትርፍ ሰጡ፣ ቶለሳ በነጻ ሰፋው። ጥቁር ሊባል ምንም ያልቀረው ሰማያዊ ነበር። ዙሪያውን ቢጫ ዘርፍ አለው፤ መስቀልም ጨረቃም አልተጠለፈበትም፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እንዲለብሰው። ሲቆርጠው አጠገቡ ነበርኩ። ከተባለው ልክ አንድ ክንድ አስረዝሞ ቆረጠ። ለምን ስለው፣ በዚህ ሰፈር ከእኔ የሚረዝም ሰው የለም፣ ይህቺ ትርፍ የኔ ድርሻ ናት አለኝ። ሟርት አትናገር ብዬ ተቆጣሁት። "የሺ፣ ልብስ ሰፊ የሰውን ሁሉ ልክ ይወስዳል፤ የራሱን ማን ይወስድለታል?" አለኝና ሳቀ። በኋላ ጉበቱን ሲታመምና ሁለታችንም ነገሩን ስናውቀው ከእኔ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሥጋ፣ ጠላ አልጠየቀም። ጠበል አልጠየቀም። "የሰፋሁትን አልብሱኝ" አለ። እሺ አልኩት። እሺ ማለት ቀላል ነበር፣ ምክንያቱም ከፋዩን የማጥበው እኔ ነበርኩ።

የከፋይ አጠባብ ማንም አላስተማረኝም፤ አንድ ቡናማ ቀሚሴን አበላሽቼ ነው የተማርኩት። የመቱ ቀብር ጭቃ ነው። ሳጥኑ ሲወርድ ሲነሣ የከፋዩ ዳር ቀይ ጭቃ ጠጥቶ ይመለሳል። ጭቃው እርጥብ እያለ የነካው ሰው ጨርቁን ገደለው፤ መጀመሪያ ደርቆ ይራገፋል። ውሃው የጣራ ውሃ መሆን አለበት፣ ቀዝቃዛ። የሶር ወንዝ ውሃ በክረምት ይደፈርሳል፣ በጠጉሩ መሐል አሸዋ ይተዋል። ሳሙና አላገባበትም። እንዶድ ወቅጬ፣ በነጠላ ቁራጭ አጥልዬ፣ አረፋውን ብቻ እጨምርበታለሁ። ኦሮሞዎቹ ጎረቤቶቼ ሃንዶዴ፣ እንዶድ ማለታቸው ነው፣ ለነጭ ልብስ ነው እንጂ ለእንዲህ ያለ ነው ወይ እያሉ ይስቁብኝ ነበር። አይፈተግም፤ በመዳፍ ይጫኑታል፣ ይለቁታል፣ ይጫኑታል። ሲነጻ ሳይጨመቅ በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ በክንዴ ሙሉ እተኛበታለሁ፤ አንሶላው ውሃውን ይጠጣል። ከዚያ በወፍራም አጠና ላይ ጋቢ ጠምጥሜ፣ ከበረንዳው ሥር፣ ፀሐይ ሳይሆን ንፋስ ባለበት፣ ጠጉሩን ወደ ላይ አድርጌ እሰቅለዋለሁ። አጠናው ወፍራም ካልሆነ መሐሉ ላይ መስመር ይገባበታል። በየግማሽ ቀኑ የውስጡን ወደ ውጭ፣ የውጩን ወደ ውስጥ አደርጋለሁ። ሊደርቅ ትንሽ ሲቀረው በለስላሳ ብሩሽ ጠጉሩ ወደሚተኛበት አቅጣጫ ብቻ እቦርሸዋለሁ። ካውያ አይነካውም፤ የተጨማደደ ካለ ከጀርባው የጀበና እንፋሎት ይበቃዋል። በበጋ ሁለት ቀን፣ በክረምት አራት። ለዚህ ሥራ ማንም አመሰግናለሁ ብሎኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠበቅኩም። ሳጥኑ ሲወጣ ሰው "ከፋዩ እንዴት ያምራል" ሲል ከኋላ ሆኜ እሰማ ነበር፤ ያ ይበቃኝ ነበር።

አስናቀች የእድሩ ንብረት ያዥ ነበረች። አጥራችን አንድ ነው። ሐሰት አልጽፍም፤ ለረጅም ጊዜ ደግ ጎረቤቴ ነበረች። ልጅ ሳይኖረኝ በቀረ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ሆዴን እያየ ሲያልፍ፣ አንድም ቀን ያልጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት። ባሏ ትቶላት የሄደው ያዮ መንገድ ላይ የቡና መሬት ነበራት። ቡናውን ጓሮዋ ውስጥ፣ ከሽቦ ወንፊት በተሠራ ከፍ ያለ አልጋ ላይ ታደርቀዋለች። ዝናብ ሲመጣ ላስቲክ ታለብሰዋለች፣ ሲያልፍ ትገልጠዋለች፣ በእጇ ታገላብጠዋለች። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌላ ሥራ አልነበራትም። አንዲት ልጇ ሰናይት ቡሬ ተድራ ነበር።

በዚያ ነሐሴ አንድ ሰው ቀብረን ከፋዩ በጭቃ ተለውሶ መጣ። ሰኞ አጠብኩት። ማክሰኞ የሆስፒታሉ ሐኪም ቶለሳን ጅማ ይዤው እንድሄድ ነገረኝ። አውቶቡሱ ረቡዕ ጠዋት ነው። ከፋዩ ገና ከክብደቱ አልተላቀቀም። ብቻውን ትቼው ልሄድ ስላልቻልኩ አጠናውን እንዳለ ተሸክሜ አስናቀች በረንዳ ሥር አቆምኩት። ያኔ አንቱ ነው የምላት። "እትዬ አስናቀች፣ አደራ፣ ፀሐይ እንዳይነካው። በየግማሽ ቀኑ ያገላብጡልኝ፣ ሌላ ምንም አይፈልግም" አልኳት። እሺ የኔ ልጅ፣ አንቺ ባልሽን አሳኪሚ አለችኝ። ለመንገድ የሚሆን ቆሎም ቋጠረችልኝ።

ጅማ ሦስት ቀን ቆየን። ሐኪሞቹ ብዙ አልተናገሩም፤ ወደ ቤታችሁ ግቡ የሚለውን ቃል ግን ሁለታችንም ተረዳነው። ቅዳሜ ከሰዓት በፊት መቱ ስንገባ ሰፈሩ ውስጥ ድንኳን ተተክሏል። አንድ ሽማግሌ አርፈው ቀብሩ በዚያው ቀን ነበር። ቶለሳን አስተኝቼ ከፋዩን ላመጣ ወደ አስናቀች ጓሮ ዞርኩ። አጠናው ባዶውን ቆሟል። ከፋዩ የቡናው አልጋ ላይ ነው። ጠጉሩ ወደ ሽቦው፣ ጀርባው ወደ ሰማይ፣ ላዩ ላይ ላስቲክ፣ ላስቲኩ እንዳይነሣ አራት ድንጋይ። ላስቲኩን ስገልጠው ትኩስ እንፋሎት ፊቴን መታኝ። ከፋዩን አነሣሁት። ጠጉሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር የሽቦው ካሬ ታትሞበታል፤ የተማሪ ካሬ ደብተር ይመስል ነበር። ያለፈው ዓመት ቡና ጭማቂ ሽቦው ላይ የቀረበት ቦታ ደግሞ እንደ ዝገት ቡናማ ነጠብጣብ ይዟል።

አስናቀች ከወጥ ቤት ወጣች። በፊቷ ላይ ነውር ያደረገ ሰው ድንጋጤ አልነበረም፣ እሱን እስካሁን አልረሳውም። ሐሙስ ለትንሽ ፀሐይ ወጥታ ስለነበር ቶሎ ይድረቅ ብላ እንዳሰጣችው፣ ዝናብ ሲመጣም እንዳለበሰችው ነገረችኝ። ከዚያ፣ "አገላብጡት አላልሽኝም? በቀን ሦስት ጊዜ አገላብጫለሁ እኮ" አለችኝ። ቃሉን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ቡና ለሚያደርቅ ሰው ማገላበጥ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ነበረብኝ። ይህን ያህል የራሴን ድርሻ እወስዳለሁ፤ ከዚህ በላይ አልወስድም። በዚያች ሰዓት ሁለታችን ብቻ ነበርን። አልተቆጣኋትም። "ይሁን እትዬ፣ በኋላ አስተካክለዋለሁ" ብያት ከፋዩን ለቀባሪዎቹ ሰጠሁ። ሽማግሌው በካሬ ከፋይ ተሸፍነው ወጡ፣ ሰውም ሁሉ አየ።

በማግስቱ እሁድ የእድሩ ስብሰባ ነበር። ሊቀመንበሩ ኦቦ ነጋሳ የተባሉ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ሲናገሩ ጠመኔ እንደያዙ ሁለት ጣታቸውን አንድ ላይ ያነሣሉ። ስለ ከፋዩ የሟች ልጆች ቅር እንዳላቸው ተናገሩና ንብረት ያዧን ጠየቁ። እኔ ልቤ ረግቶ ነበር። አስናቀች ፀሐይ አይቼ ቸኮልኩ፣ ተሳሳትኩ ትላለች፤ እኔ ሦስት ቀን ስጡኝ እላለሁ፤ ያልቃል። አስናቀች መሬት መሬት እያየች ተነሣች። "እኔ ምን አውቃለሁ። የሺ አጥባ ሰጠችኝ፤ ስቀበላት እንዲህ ሆኖ ነው" አለች።

ስለምን እንደዋሸች ብዙ አስቤአለሁ። ንብረት ያዥነቷን እንዳትነጠቅ ይሆናል። በወንዶቹ ፊት አላዋቂ መባልን ፈርታ ይሆናል። ያኔ ግን ምንም አላሰብኩም። ተነሣሁና፣ "አስናቀች፣ አንቺ ታውቂያለሽ። ከቡና አልጋሽ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ" አልኩ።

የቡናውን አልጋ ማንም አልሰማም። የተሰማው "አንቺ" ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ያዙ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ፣ እኩያዋ መሰለቻት እንዴ አለ። አንዷ ደግሞ ልታዝንልኝ ብላ፣ ባሏ ታሞባት ነው፣ አእምሮዋ ልክ አይደለም አለች፤ ይህ ከሁሉ ባሰብኝ። ኦቦ ነጋሳ ሁለት ጣታቸውን አነሡ። "ልጄ፣ መጀመሪያ አንቱ በይ። ነገርሽን ከዚያ በኋላ እንሰማለን።" አንቱ ብል ኖሮ ይሰሙኝ ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። ግን በውሸቷ ላይ አንቱ የሚለው ቃል ከአፌ እምቢ አለኝ።  በምትኩ፣ ጨርቁን ሦስት ቀን ስጡኝ፣ ጠጉሩን በእንፋሎት አነሣዋለሁ፣ ነጠብጣቡንም በእንዶድ አስለቅቀዋለሁ አልኳቸው። ለዚህ እንኳ ይቅርታው ይቅደም ተባለ። ከሁለት ሽማግሌ ጋር ሄጄ የአስናቀችን ጉልበት እንድስም፣ እስከዚያ ከፋዩ አስናቀች ቤት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ እንዲቀመጥ ወሰኑ። እርጥቡን ነው የቆለፉት። ያንን እንኳ የሚያውቅ አልነበረም።

ቤት ስገባ ቶለሳ ትራሱን ተደግፎ ጠበቀኝ። ስብሰባው እንዴት ነበር አላለም። "ከፋዩ ደረቀ?" አለኝ። ደርቋል አልኩት። ከዚያ ወዲህ በየሁለት ቀኑ ይጠይቀኝ ነበር፤ ቦረሽሽው ወይ፣ ዘርፉ አልተተረተረም ወይ፣ በስፌቱ በኩል ሳስቷል እንዳትጎትቺው። እኔም እየዋሸሁ እመልስለት ነበር። እንግዲህ በዚያ ክረምት ሁለት ውሸታሞች ነበርን።

የሐጂ ሱሩር ባለቤት ዘሃራ፣ ወዳጄ ናት፣ ነገሩን ሰምታ መጣች። እየቀለደች ነው የምትመክረው። "የሺ፣ ጉልበት መሳም ጉልበት አይጨርስም። ስመሽ ተመለሺ፣ ጨርቅሽን ተቀበይ" አለችኝ። ከሳምኩ አጥፍቻለሁ ማለት ነው አልኳት። "አጥፍተሻል እኮ፣ እናትሽ የምትሆንን ሴት አንቺ ብለሻል። ለዚህ ለዚህ ሳሚያት። ለከፋዩ አትሳሚያት። ጉልበቷ ሁለት አይደል?" ሁለታችንም ሳቅን፤ በዚያ ክረምት የሳቅኩት ያኔ ብቻ ይመስለኛል። ስትሄድ ግን ነገሩ እውነት እንደሆነ ገባኝ። ቶለሳ ውሃ መዋጥ ባቃተው ሰሞን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ። የአስናቀች በር ከበሬ ሃያ እርምጃ አይሆንም። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። በስንጥቁ የቡናው አልጋ ይታየኛል፤ ዝናብ እየወረደበት ባዶውን ቆሟል። ሽቦው ላይ የከፋዩ ሰማያዊ ጠጉር ተነቅሎ እዚህም እዚያም እንደተለጠፈ ነበር። ማንም ሊጠርገው አልደከመም። አንድ ሰው ወደዚያ ቀና ብሎ ቢያይ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ተጽፎ ነበር። እጄን በሩ ላይ እንዳደረግሁ ቆየሁ፣ ከዚያ ተመለስኩ። ለዚህ ሌላ ማንንም አልከስም።

ቶለሳ በሦስተኛው ቀን አረፈ። እድሩ ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ድስቱን አመጣ፤ በዚህ አልታማም። ከፋዩን ስጠይቅ የአስናቀች ሳጥን ተከፍቶ ታየ። ሻግቶ፣ ጠጉሩ እንደ እከክ በቁራጭ በቁራጭ ይነሣል። ኦቦ ነጋሳ ራሳቸው መጥተው፣ ልጄ ይህ ለሰው አይለበስም አሉኝ። አንገታቸውን ደፍተው ነው ያሉት። ቶለሳን በጋቢው ሸፈንነው። የሬሳ ሳጥኑ ረጅም ስለነበር ግርጌው በኩል እንጨቱ ይታይ ነበር። የመቱን ሰው ሁሉ ያለበሰ ሰው እንደዚያ ሆኖ ወጣ። አስናቀች ከሁሉ በላይ ጮኻ አለቀሰች፣ ወንድሜ ወንድሜ እያለች። ያለቀሰችው ለማስመሰል ነው አልልም።

አርባውን አውጥቼ በማግስቱ ስሜን ከእድሩ አስፋቅሁ። ጸሐፊው፣ እትዬ የሺ እድር የሌለው ሰው ማን ይቀብረዋል ብሎ ለመነኝ፤ የሚቀብረኝ ይቀብረኛል አልኩት። ከዚያ ወደ ዘሃራ ሄጄ ያንኑ ዓይነት ከፋይ በቶለሳ ልክ አስለካሁ፤ ሐጂ ለራሳቸው ያስቀሩት ቁራጭ ቀርቶ ነበር። በእሱ መኪና ሰፋሁት። ስፌቴ እንደ እሱ አይደለም፤ ማዕዘኑ ላይ ይንጋደዳል። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ አጥበዋለሁ። ማንም እንዲለብሰው አልሰጠሁም፤ ከዘሃራ በቀር ያየውም የለም ብዬ አስብ ነበር።

ከዚያ ብዙ ዓመት አለፈ። የእድሩ መዝገብ በኦሮምኛ ቁቤ መጻፍ ጀመረ፣ ኦቦ ነጋሳ አረፉ፣ አስፋልቱ ደረሰ፣ ባጃጁ መጣ። እድሩ ከአዲስ አበባ የናይለን መሸፈኛ አስመጣ፤ አይጨማደድም፣ በሳሙና ይታጠባል፣ በአንድ ሰዓት ይደርቃል፣ ሳጥኑ ላይ ግን ስለሚንሸራተት ሁለት ሰው ጫፉን ይዞ ይሄዳል። ከአስናቀች ጋር በአጥር በኩል ድምፅ ለድምፅ እየተሰማማን ኖርን። ስትወጣ እጠብቃለሁ፣ ካለፈች በኋላ እወጣለሁ። እሷም እንደዚያው ታደርግ ነበር መሰለኝ፤ ሃያ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው በር ላይ የተገጣጠምነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

ካቻምና በጥር አስናቀች ሞተች። ጠዋት ድንኳኑ ሲተከል እሰማ ነበር። ረፋዱ ላይ ልጇ ሰናይት፣ አሁን እሷም ሽበት ያወጣች፣ በሬን አንኳክታ ገባች። አልተቀመጠችም።

"እትዬ የሺ፣ እማዬ ትናንት አንድ ነገር ተናግራ ነው ያረፈችው" አለችኝ። "'የሺ ጋ ሂጂ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ ስብሰባው ላይ የዋሸሁትም እኔ ነኝ በያት። የራሷ ከፋይ አላት፤ በአጥሩ ቀዳዳ ስታሰጣው አየዋለሁ። እሱን አልብሱኝ' ብላለች።"

ማን ሰማ ብዬ ጠየቅኋት። እኔ ብቻ ነኝ አለች።

"እንግዲያው ድንኳኑ ውስጥ ላሉት ንገሪያቸው" አልኳት። "ተናግረሽ ስትጨርሺ ከፋዩን ተሸክሜ እኔው አመጣዋለሁ።"

"እትዬ፣ ሬሳዋ ሳይወጣ? እናቴ ውሸታም ነበረች ልበል?"

"አንቺ ምንም አትበይ። እሷ ያለችውን በይ።"

ሰናይት አንገቷን ደፋች። እናቷን ትመስላለች፣ በተለይ መሬት መሬት ስታይ። ከዚያ ወጣች። እኔ ከፋዩን ከሣጥን አውጥቼ፣ አጥፌ፣ ጉልበቴ ላይ አድርጌ በሩን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሬሳው እስኪወጣ ድረስ ተቀመጥኩ። ሰናይትም ሌላም ሰው ድንኳኑ ውስጥ ያንን ቃል አልተናገረም።

ከፋዩን ወደ ሣጥኑ መለስኩት። አስናቀች በእድሩ ናይለን ተሸፍና ወጣች፤ ሁለት ሰው ጫፉን ይዞ ነበር። ቀብር ሄድኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ማስታጠቢያውን ይዤ የለቀስተኛውን እጅ ያስታጠብኩት እኔ ነኝ። ሰናይትም ተራዋ ሲደርስ እጇን ዘረጋች። ቀዳሁላት፣ ታጠበች።